የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች?

«እንደ መስቀል ወፍ ዓመት ጠብቀህ ብቅ አልክ?» ተብሎ ያልተወቀሰ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሥራ በዝቶበት የጠፋ የወንድም ልጅ፣ ለበዓል ብቻ የሚደውል ጓደኛ፣ ክረምቱን ሙሉ በሩን ዘግቶ መስከረም ላይ የሚታይ ጎረቤት፣ ሁሉም በዚች ወፍ ስም ይታማሉ። ወፏን ራሷን አይቶ «ይቺውላችሁ!» ብሎ በጣቱ የሚያሳይ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም።

ነገሩን ያነሳችብኝ አንዲት እናት ናት። የሦስተኛ ክፍል ልጇ «የመስቀል ወፍ ሥላችሁ ኑ» ተብሎ ከትምህርት ቤት መጣ። አደይ አበባውን ሣለ፣ ደመራውን ሣለ፣ ወፏ ጋ ሲደርስ እርሳሱን ይዞ ቆመ። «ቀለሟ ምንድን ነው?» ቢል አባት «ቢጫና ጥቁር ነው» አለ። አያት ደግሞ የወሎ ሰው ናቸውና «ቀይ ነው እንጂ! እንደ ፍም የቀላ!» አሉ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለና እናት ለዳኝነት ወደ እኔ ደወለች።

ሁለቱም ልክ ናቸው። «የመስቀል ወፍ» የአንዲት ወፍ ብቻ ስም አይደለም። ክረምቱ ሊያበቃ ሲል፣ ሣሩ ወገብ ሲደርስ፣ አዲስ ልብስ ለብሰው የሚታዩ ዘመዳሞች ሁሉ በየአገሩ በዚህ ስም ይጠራሉ። በደጋው፣ ለምሳሌ በሱሉልታ ሜዳ፣ ከራስ እስከ ጭራ ጥቁር ለብሶ ትከሻውና ወገቡ ላይ ቢጫ የጣለበትን ወፍ ታገኛላችሁ። ወደ ቆላውና ወደ ሞቃታማው ወይና ደጋ ወረድ ስትሉ፣ ውሃ ባለበት ሣር መካከል፣ ቀዩ ይጠብቃችኋል። የወፍ አጥኚዎች ሁለቱንም ኢዩፕሌክተስ በሚባል አንድ ወገን ውስጥ ያስቀምጧቸዋል፤ ጎጇቸውን እንደ ሸማኔ የሚሠሩት ወፎች ቤተሰብ ናቸው። የልጁ አባት የደጋ ልጅ ነው፣ አያቱ ደግሞ ከከሚሴ አካባቢ ናቸው። ክርክሩ እዚህ ላይ አበቃ፤ ልጁም ሁለት ወፍ ሣለ።

የዚህ ወር ዓምዳችን የአያትየው ወፍ ነው።

ጨፋ፣ የቀዩ ወፍ አገር

የባሕር ዳርቻ የለንም፤ የውሃ ዳር ግን ሞልቶናል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ ጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬንና ሰንበቴን ኋላ ትታችሁ፣ ወደ 325 ኪሎ ሜትር ላይ ከሚሴ ትገባላችሁ። በዚህ ጉዞ ሙቀቱ ጃኬት ያስወልቃል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናትና። የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በገበያዋ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀላቅለው ይሰማሉ። በዚሁ አካባቢ ነው ጨፋ ሮቢት ያለችው። (ከሸዋ ሮቢት ጋር እንዳታምታቷት። ስም ይመሳሰላል፣ አገሩ ሌላ ነው።)

ጨፋ የሚለው ስም ራሱ ወፉ የት እንደሚኖር ይነግራችኋል። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ውሃ ያዘለ፣ ሣሩ የማይደርቅ ለምለም መስክ ነው። የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ጨፌ መባሉም በጥንቱ የገዳ ሥርዓት ጉባኤው በእንዲህ ያለ መስክ ላይ ይቀመጥ ስለነበር ነው። የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ ይህን ሜዳ ያረሰርሰዋል፤ ቆይቶም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ወንዙ በሚተኛበት ቦታ ፊላ፣ ቄጠማና ረዥም ሣር ይበቅላል። በበጋ፣ ዙሪያው ሁሉ ሲደርቅ፣ የአፋር፣ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአማራ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚመጡት ወደዚሁ ሜዳ ነው። እንግዲህ ይህ ሣር ለወፉ ቤት፣ ለከብቱ ጉሮሮ፣ ለገበሬው ደግሞ ሊታረስ የሚችል ጥቁር አፈር ነው። ሦስቱ ሁልጊዜ አይስማሙም።

ወፉን ለማየት ጥሩው ጊዜ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ከአስፋልቱ ዳር ማሽላው ራስ ሲያወጣ፣ ከማሽላው ወዲያ ያለው ሣር ሲረዝም፣ ከሣሩ ጫፍ ላይ አንድ ቀይ ነጥብ ታያላችሁ። መጀመሪያ የተቀደደ ቀይ ፌስታል ነፋስ ወስዶ ሣር ላይ ያንጠለጠለው ይመስላል። ከዚያ ነጥቡ ይነሳና ይበራል።

ጥቁሩ የት ላይ ነው?

ወፉ ከድንቢጥ ያነሰ ነው፤ ከምንቃሩ ጫፍ እስከ ጭራው 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ለልጆች የማስተምረው ዘዴ ቀዩን ትተው ጥቁሩን እንዲፈልጉ ነው። ቀይ ወፍ ብዙ አለ፤ ወፉን ከሌላው የሚለየው ጥቁሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

የዚህ ወፍ ወንዱ ከግንባሩ እስከ አናቱ ጥቁር ቆብ ያጠለቀ ይመስላል። ፊቱም ጥቁር ነው፤ ምንቃሩም ጥቁር፤ ሆዱም ጥቁር። በመካከል ያለው ጉሮሮ፣ አንገት፣ የደረት መታጠቂያና ወገብ ደግሞ ቀይ፣ አንዳንዴም ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ ነው። ክንፉ ቡናማ ነው፤ ይህን በደንብ ያዙት፣ በኋላ ይጠቅማል። ጭራው አጭር ቡናማ ሲሆን ከላይ የሚወርዱ ረዣዥም ቀይ ላባዎች ስለሚሸፍኑት ጭራ የሌለው፣ ቀሚስ ያጠለቀ ነገር ይመስላል።

በእንግሊዝኛ ስሙ «ኖርዘርን ሬድ ቢሾፕ» ነው፤ የሰሜኑ ቀይ ጳጳስ እንደ ማለት። ስም አውጪው የእኛን ጳጳሳት አይቶ እንደማያውቅ ግልጽ ነው። የእኛዎቹ ከቆብ እስከ ቀሚስ ጥቁር ነው የሚለብሱት፤ ቀዩ የአውሮፓ ቤተ ክህነት ልብስ ነው። የእኛ ሰው ስሙን ከበዓሉ ወሰደ፣ ፈረንጁ ከልብሱ። የእኛው ይሻለኛል፤ መቼ እንደምናየው አብሮ ይነግረናልና።

ከዚያ አረማመዱ፣ ማለቴ አበራረሩ። ወንዱ ግዛቱን ሲያስከብር ወይም ሴት ስታልፍ ላባውን ሁሉ ይነፋና እንደ ኳስ ይድቦለቦላል፤ ከዚያም ክንፉን በፍጥነት እያርገበገበ ከሣሩ በላይ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል። ትልቅ ባለ ቀይ ቀሚስ ንብ አስቡ። ድምፁ ዘፈን ነው ለማለት ትንሽ ይከብዳል፤ መጥበሻ ላይ ዘይት ሲንጫጫ የሚሰማው ዓይነት ቀጭን ጩኸት ነው። የወፍ አጥኚዎች ግን ከዘማሪ ወፎች ወገን ይቆጥሩታል፤ ቁጥሩ በጉሮሮ አሠራር እንጂ በድምፅ ማማር አይደለምና።

አሁን የሚምታቱትን እንይ።

ቤታችሁ ግቢ ውስጥ፣ የተሰጣ እህል አጠገብ፣ መሬት ላይ እየተንጠባጠበች የምትለቅም ትንሽ ቀይ ወፍ ካያችሁ እሷ የመስቀል ወፍ አይደለችም። በቢሾፍቱ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በኮምቦልቻና በከሚሴ ግቢዎች የምትታየው ባለ ቀይ ምንቃሯ ወፍ ናት፤ ፈረንጆቹ «ፋየርፊንች»፣ የእሳት ወፍ ይሏታል። ወንዱ ራሱና ደረቱ ጽጌረዳ ቀይ፣ ጀርባው ቡናማ፣ ምንቃሩ ቀይ ነው። ጥቁር ቆብ የለውም። ጠጋ ብትሉ ዓይኑን የከበበች ቀጭን ቢጫ ቀለበትና በደረቱ ጎን እንደ ዱቄት የተረጩ ነጫጭ ነጥቦች ታያላችሁ። ሴቷ ቡናማ ሆና ወገቧ ቀይ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ ዓመቱን ሙሉም ልብስ አይቀይሩም። ሰው አይፈሩም፤ ሣር ክዳን ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ጎጆ ይሠራሉ።

ስለ እሷ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። እያብለጨለጨ ሰማያዊ የሚመስል አንድ ጥቁር ወፍ አለ፤ ሴቷ ጎጆ አትሠራም። እንቁላሏን ከዚች ቀይ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። የእንግዳዋ ጫጩቶች የአፋቸው ውስጥ ነጠብጣብ የባለቤቲቱን ልጆች እስኪመስል ድረስ ተመሳስሏል፤ ስለዚህ እናት ሳትለይ ሁሉንም ታጎርሳለች። እንደ አንዳንድ ጎጆ ነጣቂ ወፎች የባለቤቲቱን ልጆች አይገድሉም፤ አብረው ያድጋሉ። ወንዱ እንግዳ ሲያድግ ደግሞ የሚዘምረው ያሳደገውን አባት ዜማ ነው። የጉዲፈቻ ነገር ለልጆች ሲጠየቅ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ሌሎቹን በአጭሩ። ረዥም ጥቁር ጭራ እያንዠረገገ፣ ገላው በሙሉ ጥቁር ሆኖ አናቱና አንገቱ ዙሪያ ብቻ ቀይ የጠመጠመ ከሆነ፣ የዚሁ ወገን ሌላ ዘመድ ነው፤ የሚወደው ከፍ ያለውን አገር ነው። አናቱ ቀይ፣ ክንፉና ጭራው ጥቁር ከሆነ ደግሞ ባለ ጥቁር ክንፉ የወንድም ልጅ ነው፤ ክንፉን ያዙት ያልኩት ለዚህ ነበር። እሱን የምታገኙት በምዕራብ ቆላ፣ በጋምቤላ በኩል ነው። አበባ ላይ የሚውል፣ ምንቃሩ ቀጭንና የተቆለመመ፣ ደረቱ ብቻ ቀይ የሆነ ደግሞ አበባ ቀሳሚ ነው። ምንቃር መልመድ ግማሹን ሥራ ይጨርስላችኋል፤ ወፍራምና አጭር ምንቃር ያለው እህልና የሣር ፍሬ ይሰብራል፣ ቀጭኑና ቆልማማው ማር ይጠባል።

የት ትከርማለች ለሚለው

መልሱ፦ የትም አትሄድም። እዚያው ናት።

ኅዳር ሲገባ ወንዱ ቀዩን ልብስ ያወልቃል። ላባው እየረገፈ በቡናማ ይተካል፤ ጥቂት ሳምንታት ይፈጅበታል። ከዚያ ከሴቷ አይለይም፤ ጀርባው ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበት፣ ከዓይኑ በላይ ነጣ ያለ ቅንድብ ያለው፣ ምንቃሩ የነጣ ተራ ወፍ ይሆናል። በመንጋ ሆኖ የሣር ፍሬ ሲለቅም ይከርማል። እኛ «ጠፋ» የምንለው በፊታችን ሲያልፍ ነው። የመስቀል ወፍ እያልን የምንወቅሳቸው ዘመዶቻችን ይህን ቢያውቁ ጥሩ መከላከያ ይሆንላቸዋል።

ልብሱን የሚያስቀይረው ምንድን ነው? ቀዩ የሚመጣው ከምግብ ነው። ወፉ ከሚበላው የሚያገኘውን ቢጫ ቀለም ገላው ወደ ቀይ ይለውጠዋል። ጥቁሩ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ኤሚል ዊትሺ የተባለ ሳይንቲስት በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1936 ያሳተመው ጥናት በዚሁ በእኛው ወፍ ላይ የተሠራ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው። ቡናማ በሆነበት ወራት ጥቂት ላባ ይነቀላል፤ ላባው መልሶ ሲበቅል ከአንጎል ሥር ካለችው እጢ የሚመነጨው ሆርሞን ይሰጠዋል፤ ሆርሞኑ ሲደርስ በሚበቅለው ላባ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። ይህ ሆርሞን በእኛም ገላ ውስጥ አለ። ዛሬ ልጅ የሚፈልጉ ሴቶች የእንቁላል መውጫ ቀናቸውን ለማወቅ ከፋርማሲ የሚገዙት መመርመሪያ የሚለካው ይህንኑ ሆርሞን ነው። ወፉም ስለዚህ ለብዙ ዓመታት በቤተ ሙከራ የሆርሞን መለኪያ ሆኖ አገልግሏል። የቦርከና ሣር ላይ የምናየው ወገን እዚያ ድረስ ደርሷል።

ልብሱን ከለበሰ በኋላ ያለው ኑሮ ደግሞ ለባሎች የሚነገር አይደለም። ወንዱ ፊላውን ወይም የማሽላውን አገዳ ምሰሶ አድርጎ ከሣር ክር ሞላላ ጎጆ ይሸምናል፤ በሩ በጎን በኩል ነው። አንዱን ጨርሶ ሌላውን ይጀምራል። ጎጆውን ወድዳ የምትገባ ሴት ውስጡን በለስላሳ ሣር ታነጥፋለች፣ ከ2 እስከ 4 ሰማያዊ እንቁላል ትጥላለች፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ትታቀፋለች፣ ጫጩቶቹንም ታጎርሳለች። እሱ? እሱ ሌላ ጎጆ እየሠራ፣ ሌላ ሚስት እየጠራ፣ ሣር ጫፍ ላይ ተነፍቶ ይውላል። ቤት ሠሪነቱ ይመሰገናል፤ ከዚያ ወዲያ ግን እንጃ።

ከግሪሳ ጋር እንዳይታማ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት፣ በጨፋ ሮቢት በኩል ማሽላ ዳር ቆሜ በባይኖኩላር ስመለከት አንድ ገበሬ ከማማው ወርዶ መጣ። ወንጭፉ በትከሻው ነበር።

«እታለም፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?»

ቀዩን ወፍ እያየሁ እንደሆነ ነገርኩት። ሳቀ።

«እሱማ ብቻውን ነው፣ ሲኮራ ነው የሚውል። እኛ የምንፈራ ግሪሳን ነው። ግሪሳ ከመጣ እንኳን ማሽላው አገዳውም አይተርፍ።»

ማጋነኑን ትቼ ነገሩን እወስዳለሁ፤ ምክንያቱም ገበሬው በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገረው ልዩነት የብዙ ወፍ ሕይወት ያተርፋል። ግሪሳ እንደ ደመና የሚንቀሳቀስ መንጋ ነው። አንዷ ግሪሳ በቀን የምትበላው 10 ግራም ገደማ እህል ነው፤ ትንሽ ይመስላል። መንጋው ሁለት ሚሊዮን ሲሆን ግን በቀን 20 ቶን ማለት ነው፤ 200 ኩንታል። የዓመት ልፋቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲያጣ የሚያይ ቤተሰብ ዘንድ ሄዳችሁ ስለ ወፍ ውበት ብታወሩ የሚሰማችሁ የለም፤ መስማትም የለበትም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀርተው ማማ ላይ የሚውሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከኅዳር በኋላ ነው። ቀዩ ቡናማ ሲሆን ግሪሳን ይመስላል፤ አብሯትም ይለቅማል፣ ማታም በአንድ ፊላ ውስጥ ያድራል። በአገራችን ቆላዎች ግሪሳ ሲበዛ በአውሮፕላን መድኃኒት የሚረጨው ደግሞ ምሽት ላይ፣ ወፎቹ በሚያድሩበት ቦታ ነው። መድኃኒቱ ወፍ አይመርጥም፤ አብራ ያደረችውን ሁሉ ይወስዳል፣ የሞተችውን የበላ ጭልፊትና ንስርም ይታመማል። ስለዚህ የረጨ አካባቢ ወፍ ለቅሞ መብላት፣ ለዶሮ መስጠትም ቢሆን፣ ፈጽሞ የማይደረግ ነው።

ሁለቱን ቡናማዎች መለያው ምንቃር ነው። የግሪሳ ምንቃር በዚያ ወራት ቀይ ነው፤ የእኛው ወፍ ግን የነጣ፣ ቀንድ የመሰለ ምንቃር ነው ያለው። ይህን አንድ ልጅ በአምስት ደቂቃ ይማረዋል። እኔ ያየኋቸው ማማ ላይ የሚውሉ ልጆች ከእኔ ፈጥነው ይለያሉ፤ የትኛው መንጋ ድንጋይ ይገባዋል፣ የትኛው አይገባውም የሚለውን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ከከተማ የሄዱት ልጆቻችን ከእነሱ ጋር አንድ ጠዋት ቢቆሙ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ያገኛሉ።

ለእኔ ከመድኃኒቱም በላይ የሚያሳስበው ሣሩ ነው። ረግረጉ ሲጠነፍፍ፣ ፊላው ሲቃጠል፣ መስኩ እስከ ወንዙ አፍ ድረስ ሲታረስ ወፉ ጎጆ የሚያስርበት አገዳ ያጣል። ያኔ ወደ ማሽላው ይገባል፤ ከገበሬው ጋርም ይጣላል። ዳር ዳሩን ለሣር የተወ ገበሬ ወፉንም ከብቱንም ከማሽላው እንደሚያርቅ ጨፋ ላይ በዓይን ይታያል።

የአሜሪካዎቹ ጥያቄ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶቻችን በረዶ ላይ የተቀመጠ ቀይ ወፍ ፎቶ እየላኩ «ይሄ የእኛ የመስቀል ወፍ አይደለም?» ይላሉ። አይደለም። እሱ ካርዲናል ነው፤ ቁንጮ ያለው፣ ከእኛው በእጥፍ የሚረዝም፣ ዓመቱን ሙሉ ቀይ የሆነ ወፍ። የቨርጂኒያ የግዛት ወፍም እሱ ነው፤ በጠቅላላው ሰባት ግዛቶች መርጠውታል። ስሙ ግን ዘመድ ነው፤ እሱም ከካቶሊክ ካርዲናሎች ቀይ ልብስ የተወሰደ ነው። የሚገርመው ሌላው ነው፦ ሎስ አንጀለስና ሂውስተን ያላችሁ እውነተኛውን የእኛን ወፍ ልታዩት ትችላላችሁ። ለጌጥ ተወስዶ ከጎጆ ያመለጠው በወንዞች ዳር ሣር ውስጥ ተራብቷል። እዚያ «ኦሬንጅ ቢሾፕ» ይሉታል። ያለ ቪዛ የኖረ የአገር ልጅ በሉት።

ለመውጣት ላሰባችሁ

ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ባለፉት ዓመታት ሁልጊዜ አስተማማኝ አልነበረም። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ያለ ዘመድ ወይም የመስመሩን ሾፌር ጠይቁ፤ ካልተመቸ በባቱ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ይህንኑ ወፍ ማየት ይቻላል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ ፀሐይ ስትበረታ ወፉም ልጆቹም ይደክማሉ። ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ ፊት ለፊት ከሆነች ቀዩ ጥቁር ይመስላል። ባይኖኩላር ስትገዙ 8 በ 42 የተጻፈበት ለቤተሰብ ይበቃል፤ ለትንሽ ልጅ ግን የአንገት ማሰሪያውን አሳጥሩት። ስልክ ላይ «ሜርሊን» የተባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነጻ መተግበሪያ አለ፤ የአካባቢውን የወፎች ጥቅል ቤት ሳላችሁ አውርዱት፣ መንገድ ላይ ኔትወርክ አትመኑ። መጽሐፍ ለምትወዱ ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾው ያዘጋጁት የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መምሪያ በሥዕል የተሞላ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም፣ በአውሮፓውያን 1966 የተመሠረተው፣ ለወፍ ወዳጆች ጥሩ መነሻ ነው።

ማሳ አጠገብ ስትደርሱ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ባይኖኩላር። ማሽላ ውስጥ ሳትፈቀዱ አትግቡ። ጎጆ ብታገኙ ሣሩን ገልጣችሁ አትዩ፤ የተከፈተውን መንገድ ቁራም ድመትም ይከተለዋልና። ልጆቹ ፎቶ ከማንሳታቸው በፊት ወፉን በእርሳስ እንዲነድፉ አድርጓቸው፤ ጥቁሩ የት እንደሆነ የሚይዙት ያኔ ነው።

መስከረምን ያላገኛችሁ ደግሞ በኅዳር አጋማሽ ሂዱ። ቡናማ መንጋ ሣር ላይ ሲያርፍ ሳትቸኩሉ አንድ በአንድ እዩ፤ በመካከላቸው ልብሱን አውልቆ ያልጨረሰ፣ ደረቱ ቡናማ ሆኖ ወገቡ ላይ ሁለት ሦስት ቀይ ላባ የቀረበት አንዱ አይጠፋም።